ሳን ሁዋን (ፖርቶ ሪኮ) ርካሽ ሆቴል፦ እናቴን ይዤ ነው ምሄደው፣ የት ሰፈር ልያዝ?

ሲልቨር_ስፕሪንጉ | ሰኞ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። እናቴ ከአዲስ መጥታ እኛ ጋ ነች፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት ባህር የሚባል ነገር ላሳያት ብዬ ፖርቶ ሪኮ ልወስዳት አስቤያለሁ። ለምን ፖርቶ ሪኮ ካላችሁኝ ከባልቲሞር ቀጥታ በረራ አለ፣ ሌላ ቪዛ ምናምን የለውም፣ ብሩ ዶላር ነው፣ ስልኩም ያው የኛው ነው የሚሰራው። ችግሬ ሆቴል ነው። ባህሩ ላይ ያሉትን ሪዞርቶች ዋጋ አይታችኋል አይደል፣ ላንድ ሌሊት 300 350 ነው የሚሉት እኔ ደሞ ኡበር ነጂ ነኝ ሃሃ። የምፈልገው ከተማ ውስጥ ያለ ንጹህ ሆቴል፣ ከ120 ባይበልጥ፣ ሁለት አልጋ ያለው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል ደረጃ አትችልም፣ ኤሲ ደሞ ጠላቷ ነው ብርድ መታኝ ትላለች። ባለቤቴም አብራን አለች። ኦልድ ሳን ሁዋን ፎቶው ልብ ይሰርቃል ግን ሪቪው ሳነብ አንዱ ገነት ነው ይላል ሌላው እንቅልፍ የሚባል የለም ይላል። የሄዳችሁበት በናታችሁ።

የቦሌዋ | ሰኞ ማታ

ኦልድ ሳን ሁዋን ካላደርክ ምኑን ሳን ሁዋን ሄድክ?? ከ1521 ጀምሮ ያለ ከተማ ነው'ኮ፣ ቤቱ ሁሉ ቢጫ ሮዝ ሰማያዊ፣ መንገዱ ራሱ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ድንጋይ ነው የተነጠፈ፣ ዝናብ ሲነካው ያበራል። ጠዋት ቱሪስቱ ሳይመጣ ወጥተህ ማዮርካ ከነቡናው ትበላለህ፣ ማዮርካ ማለት ላዩ ላይ ዱቄት ስኳር የተነሰነሰበት ለስላሳ ዳቦ ነው አፍንጫህ ሳይቀር ነጭ ይሆናል። ከዛ ኤል ሞሮ። የባህር ምሽግ ነው ግድግዳው ሲታይ ጎንደርን ያስረሳል (ይቅርታ ጎንደሬዎች)፣ ፊት ለፊቱ ያለው ሜዳ ላይ ልጆች ካይት ያበርራሉ። መግቢያው 10 ዶላር ነው፣ በዛው ቲኬት ሳን ክሪስቶባል የሚባለውንም ምሽግ ታያለህ። ሁሉም በእግር ነው፣ መኪና አያስፈልግህም ኡበርም አያስፈልግህም። ሆቴል ላይ የቆጠብከውን በትራንስፖርት ከምትጨርስ እዛው እደር ነው ምልህ።

ቁጠባ_ነኝ | ሰኞ ማታ

@የቦሌዋ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው ግን ልጁ ጉልበቷን የሚያማት እናት አለችኝ እያለ ነው።

ወንድሜ ስማኝ። ኦልድ ሳን ሁዋን ውስጥ ባንተ ዋጋ የሚገኘው ሆቴል አብዛኛው የስፔን ዘመን ቤት ነው፣ ቆንጆ ነው አልክድም፣ ጣራው ሩቅ ነው በረንዳው ጥርብ ነው ግን ሊፍት የለውም። ያውም ደረጃው እንደኛ አገር ፎቅ ቤት እየተጠማዘዘ በቀስታ የሚወጣ እንዳይመስልህ ቀጥ ያለ ነው፣ ሻንጣ ይዘህ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ነፍስህ ልትወጣ ነው። ሁለተኛው ጉዳይ መስኮት። ርካሹ ክፍል ብዙ ጊዜ ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚያይ ነው ወይ ጭራሽ መስኮት የለውም። ቡኪንግ ላይ «ኢንቴሪየር» የሚል ቃል ካየህ እሱ ነው። አንዳንዱ መስኮት አለው ግን መስታወት የለውም፣ የእንጨት ዝርዝር ብቻ ነው፣ መንገድ ላይ ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ ትላለህ ከአልጋህ ሆነህ። ሐሙስ ዓርብ ቅዳሜ ሌሊት ደሞ እዛ መንገድ ላይ የሚያልፈው ማስነጠስ አይደለም፣ ሙሉ ሙዚቃ ነው። መንገዱም ራሱ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ያ የምትይው ሰማያዊ ድንጋይ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል።

እኔ የምመክርህ ሚራማር ነው። ከኦልድ ሳን ሁዋን በኡበር ትንሽ ደቂቃ ነው፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ዛፍ አለው፣ ሆቴሎቹ ከ1950ዎቹ 60ዎቹ ወዲህ የተሰሩ ፎቆች ስለሆኑ ሊፍት አላቸው። ውበት አትጠብቅ፣ ሎቢው የድሮ የመንግስት መስሪያ ቤት ይመስላል። ግን አልጋው አልጋ ነው ሻወሩ ሻወር ነው።

የቦሌዋ | ሰኞ ማታ

እሺ ጉልበቱን አላየሁትም ነበር በቃ ሚራማር ይሁንላችሁ፣ ግን ማታ ማታ ኦልድ ሳን ሁዋን ሂዱ ፕሊስ። እና እማማን ካቴድራሉን አሳያቸው፣ ካቶሊክ ነው ግን የኔ እናት ምንም አልመሰላትም በሩን ተሳልማ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች፣ ውስጥ ያለው የፖንሴ ዴ ሊዮን መቃብር ነው ብላት «ማነው እሱ?» አለችኝ፣ የመጀመሪያው ገዥያቸው ነው አልኳት፣ «ነፍስ ይማር» ብላ አለፈች ሃሃሃሃ

ናዝሬት_ማንጎ | ማክሰኞ ጠዋት

እኔ አርሊንግተን ሆቴል ፍሮንት ዴስክ ነው ምሰራው (ግማሽ ሀበሻ እዚህ ሆቴል ውስጥ አይደል ያለው) ስለዚህ ሰፈሩን ለናንተ ትቼ ስለ ክፍያው ልናገር ምክንያቱም ሰው የሚቃጠለው እዛ ላይ ነው።

አንደኛ የምታየው ዋጋ ዋጋው አይደለም። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የክፍል ታክስ አለ፣ ካሲኖ የሌለው ሆቴል 9 ፐርሰንት፣ ካሲኖ ያለው 11 ነው። ከሱ ላይ ሪዞርት ፊ ወይ «አሜኒቲ» ወይ «ኧርባን ፊ» የሚሉትን ተጨማሪ ክፍያ ይጨምሩብሃል፣ መዋኛ ይቅርና ጓሮ የሌለው ሆቴል ሪዞርት ፊ ሲያስከፍል አይተናል። በምሳሌ ላስረዳህ፣ ክፍሉ 105 ነው በል፣ ፊው 18 ነው በል፣ 123 መጣ፣ 9 ፐርሰንቱ ሲገባበት 134 ሆነ። 120 ያልከው ባጀት አለፈ። ከሜይ 2025 ጀምሮ የፌዴራል ህግ አለ፣ ሆቴሎች ግዴታ የሆነውን ፊ መጀመሪያ ከሚያሳዩት ዋጋ ጋር ደምረው ማሳየት አለባቸው፣ ታክሱን ግን እስከ መጨረሻ ሊያቆዩት ይችላሉ። ስለዚህ መክፈያው ገጽ ላይ እስክትደርስ አትወስን።

ሁለተኛ ዲፖዚት። ቼክ ኢን ስታደርግ ካርድህ ላይ ሆልድ ያደርጋሉ፣ ሃምሳም ይሁን መቶም በየሌሊቱ ይሁን ባጠቃላይ እንደ ሆቴሉ ነው። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ምንም አይመስልህም፣ በዴቢት ከሆነ ግን የራስህ ብር ነው ታስሮ የሚቀመጠው፣ ከወጣህ በኋላ ባንክህ እስኪለቀው ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በየቀኑ ሰው ይጮህብኛል በዚህ ጉዳይ፣ እኛ ለቀነዋል እኮ ባንኩ ነው የያዘው ብል ማን ይሰማኛል። ለጉዞው የያዝከውን ብር በሙሉ በዴቢት ካርድ ይዘህ እንዳትሄድ።

ሦስተኛ፣ ቡክ ካደረክ በኋላ በስልክ ደውል። ኢሜይል አይደለም፣ ደውል። ከሰዓት በኋላ ከሦስት ሰዓት በፊት ደውል፣ ከዛ በኋላ ቼክ ኢን ስለሚበዛ ማንም አያናግርህም (የፈረንጅ ሦስት ሰዓት ነው ምልህ)። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ከሊፍቱ ብዙ ያልራቀ ግን ደሞ ግድግዳው ከሊፍቱ ጋር ያልተጣበቀ፣ ከአይስ ማሽን የራቀ፣ ወደ መንገድ የማያይ ክፍል ስጡኝ በል። መታጠቢያው ገንዳ ነው ወይስ ቀጥታ የሚገባ ሻወር ነው ብለህ ጠይቅ፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ገንዳውን መሻገር ከደረጃ ይብሳል ይሄን ሰው አያስበውም። እኛ ዴስክ ላይ ያለነው ሰዎች አስቀድሞ በጨዋ ደንብ ለደወለ ሰው ጥሩውን ክፍል ነው ምንሰጠው፣ ዴስክ ላይ መጥቶ ለሚጮህ የተረፈውን።

ሲልቨር_ስፕሪንጉ | ማክሰኞ ጠዋት

@ናዝሬት_ማንጎ እህቴ እግዜር ይስጥሽ፣ የገንዳውን ነገር በህልሜም አላሰብኩትም። እማዬ እኛ ቤትም ገንዳ ስላለ በርጩማ አድርገንላት ነው ምትታጠበው።

ጋሼ_ካብ | ማክሰኞ ከሰዓት

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ ዲሲ ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ መብራቱ ማንም ያነሳ ስለሌለ ላንሳው። ፖርቶ ሪኮ አሜሪካ ነው ብላችሁ መብራቱም እንደ አሜሪካ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ። ሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የሚባለው አውሎ ነፋስ ኔትወርኩን ድምጥማጡን ካጠፋው ወዲህ ነገሩ በቅጡ አልተጠገነም። የ2024 የመጨረሻዋ ቀን፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ደሴቲቱ ከሞላ ጎደል ጨለመች። እንደገና ኤፕሪል 16 2025፣ የኛ ሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ማለት ነው፣ የዛን ዓመት ፋሲካ ከነሱ ጋር ገጥሞ ስለነበር እነሱም በዓል ላይ ነበሩ፣ መላው ደሴት መብራት ጠፋበት። እኔ ከባለቤቴ ጋር ሌላ ጊዜ ሄጄ ያረፍንበት ሆቴል (ስሙን አልጠራም) ጄኔሬተር አለን ብሎ ነበር፣ መብራቱ ሲጠፋ ግን ጄኔሬተሩ ኮሪደሩንና ሎቢውን ብቻ ነው የሚያበራው። ክፍሉ ውስጥ ጨለማ፣ ሊፍቱ ቆሟል፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ውሃውም በፓምፕ ስለሚወጣ ትንሽ ቆይቶ ተቋረጠ።

ስለዚህ ስትደውል ጥያቄው ጄኔሬተር አላችሁ ወይ አይደለም። ጄኔሬተሩ ክፍሉን ይይዛል ወይ፣ ሊፍቱን ይይዛል ወይ፣ የውሃ ታንከር አላችሁ ወይ ነው። እነሱ ጄኔሬተሩን ፕላንታ ታንከሩን ሲስተርና ነው የሚሉት፣ እንግሊዝኛህ ካልገባቸው በዚህ ጠይቅ። እኛ ሮቶ ላይ ያደግን ሰዎች ይሄ አያስደነግጠንም ግን አዛውንት ይዞ ጨለማ ውስጥ ደረጃ መውረድ ሌላ ነገር ነው።

ቁጠባ_ነኝ | ማክሰኞ ከሰዓት

ጋሼ ትልቅ ነገር ነው ያነሱት እናመሰግናለን። ሪቪው ስታነቡ ኮከቡን ትታችሁ መፈለጊያው ላይ ጄኔሬተር፣ ሊፍት፣ ሻጋታ የሚሉትን በእንግሊዝኛ እየጻፋችሁ ያለፉትን ጥቂት ወራት ብቻ አንብቡ። ሻጋታ ስል አየሩ እርጥበት ስላለው ርካሽ ሆቴል ውስጥ የመስኮት ኤሲው ክፍሉን እንደ ፍሪጅ ያቀዘቅዘዋል ግን አያደርቀውም፣ አንሶላው ራሱ እርጥብ እርጥብ ይላል። ያ ሽታ ካለ ስትገባ ይታወቅሃል፣ ሻንጣህን ሳትፈታ ክፍል ቀይሩልኝ በል።

ለእማማ ብርድ ደሞ ክፍሉ የጣራ ማራገቢያ ካለው ጠይቅ። ኤሲውን አጥፍቶ ማራገቢያ ማብራት ይሻላል፣ ወይ ኤሲው ፊት ለፊት የሌለውን አልጋ ስጣት። ፎጣ በኤሲው አፍ ላይ እንዳታንጠለጥል ሰው ያደርገዋል ውሃ ያንጠባጥባል ከዛ ጭቅጭቅ ነው።

የቦሌዋ | ማክሰኞ ማታ

ማታ ደሞ መስኮት ከከፈታችሁ ኮኪ አለ። ጥፍር የምታህል እንቁራሪት ነች ድምጿ ግን ወፍ ያስንቃል ኮ-ኪ ኮ-ኪ እያለች ሌሊቱን ሙሉ። እኔ ወደድኳት፣ ባሌ ማንቂያ ደውል ነው ብሎ ስልኩን ሲፈልግ ነበር ሃሃ። ሪቪው ላይ «የሚጮህ አላርም አለ» ብሎ አንድ ኮከብ የሰጠ ሰውዬ አንብቤያለሁ እግዚአብሔር ያሳያችሁ።

አብዱ_አትላንታ | ረቡዕ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ምግብ አንድ ነገር ልበል፣ ይሄ ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም ነው። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ አሳማ የሌለበት ነገር ማግኘት ስራ ነው ወላሂ። ሞፎንጎ የሚሉት ዋናው ምግባቸው የተጠበሰ ፕላንቴን በነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ነው፣ በጣም ይጥማል፣ ግን ውስጡ ቺቻሮን የሚሉት የአሳማ ቆዳ ጥብስ አብሮ ነው የሚወቀጠው። እሺ ባቄላና ሩዝ ልብላ ብትል ባቄላውም ብዙ ቦታ በአሳማ ስጋ ቁራጭ ነው የሚሰራው። ስትጠይቃቸው ስጋ የለውም ይሉሃል ምክንያቱም ለነሱ ትንሿ ቁራጭ ማጣፈጫ እንጂ ስጋ አይደለችም። ስለዚህ ስጋ አለው ወይ አትበል፣ «ሲን ሴርዶ» በል፣ ያለ አሳማ ማለት ነው፣ ከዛ «ሲን ሃሞን»፣ ከዛ በምን ዘይት ነው የተጠበሰው ብለህ ጠይቅ። ሞፎንጎም ቺቻሮኑን ትተህ ስራልኝ ካልከው የሚሰራልህ ቤት ሞልቷል፣ በሽሪምፕ ወይ በዶሮ ታዘዋለህ። ቶስቶኔስ ማለት ጠፍጠፍ ተደርጎ ሁለቴ የተጠበሰ ፕላንቴን አለ። ባካላኢቶ የሚሉት ደሞ የደረቀ ዓሣ በሊጥ ተጠብሶ እንደ ትልቅ ብስኩት የሚሆን፣ ባህሩ ዳር ፒኞኔስ ብትሄዱ በየኪዮስኩ አለ፣ ትኩሱን ብሉ፣ ዘይቱ ግን ከሌላው ጋር አንድ ሊሆን ስለሚችል የሚጠነቀቅ ሰው ይጠይቅ።

ሆቴል ላይ ለውጥ የሚያመጣው ፍሪጅና ማይክሮዌቭ ነው። ኪችንኔት (ትንሽ ማድቤት) ካለው ከሱፐርማርኬት ሩዝ ዓሣ አትክልት ገዝታችሁ ሁሌ ሬስቶራንት ከመሄድ ትገላገላላችሁ። ሬስቶራንት ላይ የተዘጋጀ ምግብ ላይም ታክስ አለ፣ ቲፕም ያው እንደ አሜሪካ ነው።

የቦሌዋ | ረቡዕ ጠዋት

ከፋሲካ በኋላ ከሆነ በሃምሳው ውስጥ ናችሁ ጾም የለም ረቡዕ ዓርብም የለም! ለእማማ ነገሩ ቀሏል፣ አሳማው ብቻ ነው የቀረው።

ሲልቨር_ስፕሪንጉ | ረቡዕ ማታ

@አብዱ_አትላንታ ጀዛከላህ ወንድሜ። እማዬ ኪችንኔት ስላት ደስ አላት፣ ቡናዬን ጀበናዬን ይዤ እሄዳለሁ ብላ ሻንጣ ከፍታለች። እዛው ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ቆልታ እጣን ታጭሳለች... ምን ልበላት

ናዝሬት_ማንጎ | ረቡዕ ማታ

ኧረ በማርያም!!! ጭስ ጠቋሚው ይጮህና ፎቁ በሙሉ ሎቢ ይወርዳል። እኛ ሆቴል ውስጥ ስንቴ ሆኗል፣ ማኔጀሬ አሁን የቡና ሽታ ሲሸተው እኔን ነው የሚያየኝ። የማጽጃ ክፍያም አለው፣ ጭስ ከሸተተ ሲጋራ ነው ብለው ነው የሚያስከፍሉት እጣን ነው ብትል ማን ይሰማሃል፣ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ አይለቅም።

ደሞ ሌላም አለ፣ ጥሬ ቡና ከውጭ ወደ ፖርቶ ሪኮና ወደ ሃዋይ ማስገባት ክልክል ነው። ሁለቱም ራሳቸው ቡና አብቃይ ስለሆኑ በሽታና ተባይ እንዳይገባባቸው ነው። የተቆላ ችግር የለውም። ስለዚህ እማማ ቤት ቆልተው ፈጭተው በዕቃ ይዘው ይሂዱ፣ ጀበናውን በኪችንኔቱ ምድጃ ያፍሉ፣ እጣኑን ለሲልቨር ስፕሪንግ ያስቀምጡት።

ጋሼ_ካብ | ረቡዕ ማታ

እዛም ቡናቸው መጥፎ አይደለም። ያውኮና አድሁንታስ የሚባሉ ተራራማ አገሮች አሏቸው ቡና የሚያበቅሉ፣ ጠዋት ባንኮኒ ላይ ቆመህ በወተት የምትጠጣው ደህና ነው። ለእናትህ ግን ውሃ ነው እንደምትልህ ካሁኑ ልንገርህ።

መኪና የምትከራይ ከሆነ ደግሞ፣ ፍጥነቱ በማይል ነው ርቀቱ በኪሎሜትር ነው ቤንዚኑ በሊትር ነው የሚሸጠው። ዋጋውን አይተህ እንዴት ረከሰ ብለህ እንዳትደሰት በአራት ገደማ አባዛው።

ቁጠባ_ነኝ | ረቡዕ ማታ

ከተማ ውስጥ ለሚያድር ሰው መኪና ኪሳራ ነው፣ ሆቴሉ የፓርኪንግ ያስከፍላል ኦልድ ሳን ሁዋን ፓርኪንግ ፍለጋ ትዞራለህ። ከኤርፖርት ኡበር አለ፣ ታክሲም በዞን የተቆረጠ ዋጋ ነው አይጨቃጨቁህም፣ በሻንጣ ትንሽ ይጨምራሉ። አውቶቡስ አለ በጣም ርካሽ ነው፣ ዝርዝር ሳንቲም ያዝ መልስ አይሰጡም፣ ግን መቼ ይመጣል ብለህ ሰው ብትጠይቅ ትከሻውን ነው የሚሰብቅልህ። ከእናት ጋር ፀሐይ ላይ አትቁም። ትሬን ኡርባኖ የሚባል ባቡር አላቸው፣ ንጹህ ነው፣ ግን ኤርፖርትም አይሄድ ኦልድ ሳን ሁዋንም አይሄድ፣ ሳንቱርሴ የሚባለው ሰፈር መግቢያ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ለቱሪስት ብዙም አይጠቅምም።

ሳንቱርሴ ውስጥም ከሚራማር ትንሽ የረከሰ ሆቴል አለ። እዛ አድራሻ ሲሰጡህ ፓራዳ 18፣ ፓራዳ 20፣ ፓራዳ 22 ይሉሃል። ድሮ የነበረ የትራም ፌርማታ ቁጥር ነው፣ ትራሙ ከጠፋ ስንት ዘመኑ ሰው ግን አሁንም በሱ ነው የሚጠራው፣ ልክ እንደኛ 22 ማዞሪያ። ሳንቱርሴ ከያዝክ ከላ ፕላሲታ ራቅ በል። ቀን የአትክልት ገበያ ነው፣ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ግን መንገዱ በሙሉ ጭፈራ ቤት ነው። ለላጤ ገነት ነው፣ ለእማማ ግን አይሆንም። ካዬ ሎይሳም እንደዛው፣ መንገዱ ላይ ሳይሆን ገባ ብሎ ካለ ሆቴል ደህና ነው።

ጋሼ_ካብ | ረቡዕ ማታ

ስለ መንገድ ካነሳችሁ አንድ ልጨምር፣ ሽማግሌ ወሬ ይወዳል። ከሳን ሁዋን ወደ ምስራቅ የሚወጣው ትልቁ መንገድ 65ኛ እግረኛ ይባላል፣ ኮሪያ የዘመተው የፖርቶ ሪኮዎች ክፍለ ጦር ነው። ኮንግረሱ በ2014 የወርቅ ሜዳልያ የወሰነላቸው። የኛም ቃኘው በ1951 ነው ኮሪያ የገባው። ሆቴሉ በር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ዘበኛ ከየት ነህ ብለውኝ ኢትዮጵያ ስላቸው ወንድማቸው ኮሪያ እንደነበረና ኢትዮጵያውያኑን ሲያነሳ እንደሚሰሙ ነገሩኝ፣ ከዛ በኋላ ባየሁዋቸው ቁጥር በወታደር ሰላምታ ነበር የሚቀበሉኝ።

ገና_ፔንዲንግ | ሐሙስ ጠዋት

ይቅርታ ከርዕሱ ወጣ ልበል፣ አሳይለሜ ገና ፔንዲንግ ነው፣ ፖርቶ ሪኮ ብሄድ ከአሜሪካ እንደወጣሁ ይቆጠርብኛል? ወርክ ፐርሚት አለኝ

ቁጠባ_ነኝ | ሐሙስ ጠዋት

@ገና_ፔንዲንግ ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነ በቀጥታ በረራ ከሄድክ ወጣ አይባልም። ግን የኢሚግሬሽን ሰዎች እዛ ኤርፖርት ሊኖሩና ወረቀት ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ስለዚህ ያንተ ኬዝ የሚያውቅ ጠበቃ ሳታናግር እንዳትሄድ። ከሁሉ በላይ ከሳን ሁዋን የሚነሳ ክሩዝ ላይ እንዳትወጣ፣ መርከቡ ሌላ አገር ደሴት ከነካ አሜሪካን ለቀህ ወጣህ ማለት ነው መመለስ ሌላ ታሪክ ይሆናል።

አድሚን | ሐሙስ ጠዋት

የኢሚግሬሽን ጥያቄ የራሱ ክፍል አለው፣ ወደዛ ውሰዱት እባካችሁ። @ሲልቨር_ስፕሪንጉ እናትህ በቪዚተር ቪዛ ስለሆኑ ፓስፖርታቸውንና አይ-94ቱን (የመግቢያ መዝገቡን) ይያዙ፣ አንተም አይዲህ ሪል አይዲ ካልሆነ ፓስፖርት ያዝ፣ ከሜይ 2025 ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራም እየጠየቁ ነው።

ናዝሬት_ማንጎ | ሐሙስ ከሰዓት

ባህሩን ረሳነው እኮ! ኮንዳዶ የሚባለው ሰፈር ያለው ክፍት ባህር ሞገዱ ይጎትታል፣ ብዙ ሰው ያላሰበው አደጋ ነው፣ ቀይ ባንዲራ ካያችሁ እግራችሁንም አታስገቡ። ለእማማ ኤስካምብሮን የሚባለው ባህር ዳር ይሻላል፣ ኦልድ ሳን ሁዋን መግቢያ ጋ ነው፣ ፊት ለፊቱ ሞገዱን የሚሰብር አለት አለው፣ ጥላ አለው፣ ሽንት ቤት አለው። ካልሆነ የኮንዳዶ ላጉን አለ ሐይቅ ነው የሚመስለው፣ ከሚራማር ቅርብ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንጉ | ዓርብ ማታ

እሺ ቤተሰብ ያዝኩ። ሚራማር። 108 ነበር፣ ሪዞርት ፊ የለውም፣ ከታክሱ ጋር 118 ገባ። በስልክ አናገርኳቸው ልክ እንዳላችሁኝ፣ ጄኔሬተሩ ሊፍቱንና ክፍሉ ውስጥ ያለውን መብራት ይይዛል ኤሲውን ግን አይይዝም አለችኝ፣ እማዬ ይሄን ስትሰማ ተመስገን አለች ሃሃሃ። ሲስተርና አላቸው። ቀጥታ የሚገባ ሻወር ያለው ክፍል ስሜ ላይ ጽፋልኛለች፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመንገዱ ጀርባ። ኪችንኔት የለም ግን ፍሪጅና ማይክሮዌቭ አለ፣ ጀበናው ጉዳይ ገና ድርድር ላይ ነው። ኤፕሪል አጋማሽ ካለፈ ዋጋው እንደሚወርድም ነገረችኝ፣ በፈረንጆቹ ክረምት ብትመጡ እጥፉን ነበር የምትከፍሉ አለች።

አሁን እማዬ ምትጠይቀው ማንጎ ይዤ መመለስ እችላለሁ ወይ ነው።

ናዝሬት_ማንጎ | ዓርብ ማታ

ስሜ ማንጎ ሆኖ ይሄን መናገር ይከብዳል ግን አይቻልም። ስትመለሱ ኤርፖርት ላይ ቼክ ኢን ከማድረጋችሁ በፊት ሻንጣውን በግብርና መስሪያ ቤቱ ማሽን ታሳልፋላችሁ፣ ስቲከር ይለጥፉበታል፣ ያ ሰልፍ አንዳንዴ ረጅም ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ትኩስ ፍራፍሬ አንዳንዱን ይወስዱባችኋል። ማንጎ አያልፍም፣ ኮኮናት ፓፓያ አቮካዶ ያልፋል። የተቆላ ቡናም ያልፋል።

አብዱ_አትላንታ | ዓርብ ማታ

@ሲልቨር_ስፕሪንጉ የሆቴሉን ስም ኢንቦክስ አድርግልኝ፣ ለሰኔ ቤተሰብ ይዤ ልሄድ ነው። የአውሎ ነፋስ ወቅት ጁን 1 ነው የሚጀምረው አውቃለሁ፣ ዋጋው ግን ያኔ ነው የሚረክሰው፣ ካንስል ሲደረግ ብር የሚመልስ ቡኪንግ ነው ምይዘው።

ሲልቨር_ስፕሪንጉ | ዓርብ ማታ

ላኩልህ። ደውልና ሁለተኛ ፎቅ ከጀርባ በላት፣ የምታነሳው ልጅ ጎበዝ ነች።